ማን ይግባ? ማን ይውጣ? ማን ይወስን?

ራግቢ ሊግ ገና ሲፈጠር የክለቦች አመፅ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1895 ምሽት፣ በሰሜን እንግሊዝ ሀደርስፊልድ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ጆርጅ ሆቴል የተሰበሰቡ የክለብ ተወካዮች ከእንግሊዙ የራግቢ ማኅበር ወጥተው የራሳቸውን ለማቋቋም ወሰኑ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአዲሱ ማኅበር ውድድሩን የጀመሩት 22 ክለቦች ነበሩ። አብዛኞቹ የላንክሻየርና የዮርክሻየር፣ ማለትም የከሰል ጉድጓድና የሽመና ፋብሪካ አገር ክለቦች ናቸው።

የጠባቸው መነሻ ስድስት ሺሊንግ ነው። በዚያ ዘመን ሠራተኛ ቅዳሜም እስከ ቀትር ሥራ ላይ ይውላል፤ ጨዋታው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ የሚጫወት ሰው የዚያን ቀን ሥራውን ይተዋል፤ ያልሠራበት ደግሞ አይከፈለውም። ዶክተርና ጠበቃ ለሚጫወትባቸው የደቡብ ክለቦች ይህ ችግር አልነበረም። ለከሰል ቆፋሪው ግን ለክለቡ በተሰለፈ ቁጥር ከልጆቹ እንጀራ ይቀነሳል ማለት ነው። የዮርክሻየር ክለቦች በ1893 ለንደን ላይ በተጠራው ጉባኤ፣ ተጫዋች ከሥራ ለቀረበት ሰዓት ማካካሻ ይከፈለው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ባልመጡ ክለቦች የውክልና ድምፅ ጭምር ታግዞ ሐሳቡ በ282 ለ136 ወደቀ። ሁለት ዓመት ታገሡ፤ ከዚያ ወጡ። በአዲሱ ማኅበር የማካካሻው ጣሪያ በቀን ስድስት ሺሊንግ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ራሱ ተለወጠ። በ1906 ከ15 ተጫዋቾች ሁለት ተቀንሰው 13 ቀሩ። ኳስ የያዘ ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ ከወደቀ ኳሱን ለተጋጣሚው የሚያስረክብበት ሕግም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተተከለ። ማኅበሩ በ1922 «ራግቢ ፉትቦል ሊግ» የሚለውን የዛሬ ስሙን ያዘ። ያልተለወጠው የትውልዱ ታሪክ ነው። በብዙ ስፖርቶች ፌዴሬሽኑ ቀድሞ ይቋቋምና ክለቦች ይመዘገቡበታል። እዚህ ግን ፌዴሬሽኑን የወለዱት ክለቦች ናቸው። ስለዚህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ክለቦቹ የበላዩን አካል የሚያዩት እንደ ቀጠሩት ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱን የሚያየው የጨዋታው ሁሉ ጠባቂ አድርጎ ነው። የራግቢ ሊግ የሥልጣን ጠብ ሁሉ የሚነሣው በነዚህ ሁለት አስተያየቶች መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። አንድ ዳቦ ቤት ጎረቤቱ ያለው ዳቦ ቤት ቢዘጋ ደንበኛው ይበዛለታል። የራግቢ ክለብ ግን ብቻውን የሚሸጠው ነገር የለውም። ተመልካች ቲኬት የሚገዛው፣ ቴሌቪዥን ገንዘብ የሚከፍለው ሁለት ቡድኖች ለሚያደርጉት ግጥሚያ ነው፤ ውጤቱ አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ግጥሚያውም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ክለቦች ቅዳሜ ይፋለማሉ፣ ሰኞ ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የጋራ ገንዘብ ይከፋፈላሉ። በዚያ ጠረጴዛ የሚነሡት ጉዳዮች ብዙ ቢመስሉም ሥልጣን የሚባለው በጥቂቱ ላይ ነው፦ ሊጉ ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ እንዴት ይከፈል፤ ደንብ የጣሰ ክለብን ማን ይቅጣ። በኔ እምነት ከነዚህ ሁሉ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። በገንዘብ የተጎዳ ክለብ የዘንድሮውን በከርሞው ሊያካክስ ይችላል፤ ከሊጉ የተባረረ ግን ከርሞ የለውም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የሳውዝ ሲድኒ ሰዎች ናቸው።

ሲድኒ ራግቢ ሊግን የያዘችው በ1907 ነው፤ ምክንያቱም ከእንግሊዙ ጋር ተመሳሳይ ነው። የተጎዳ ተጫዋች ከሥራ ሲቀር የሚደጉመው አልነበረም። በ1908 ዘጠኝ ክለቦች ውድድር ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳውዝ ሲድኒ ወሰደ። ክለቡ የሬድፈርንና የአካባቢው የሠራተኛ ሰፈሮች ክለብ ነው፤ የአገሬው ተወላጅ አቦሪጂናሎችም የራሳችን የሚሉት። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ 20 ዋንጫዎች ነበሩት፤ በአውስትራሊያ ከማንም የሚበልጥ ቁጥር ነው።

በ1995 ጦርነቱ መጣ። የጋዜጣና የቴሌቪዥን ባለሀብቱ የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ኒውስ ሊሚትድ የክፍያ ቴሌቪዥን ሊከፍት ነበርና ተመልካች የሚስብለት ስፖርት ፈለገ። የነባሩን ሊግ የቴሌቪዥን መብት የያዘው ተቀናቃኙ ኬሪ ፓከር ስለነበር፣ ኒውስ መብቱን ለመግዛት ከመደራደር ይልቅ ሊጉን ራሱን ለመውሰድ ተነሣ። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ሰዎቹ ከከተማ ከተማ እየበረሩ ተጫዋቾችንና አሠልጣኞችን አስፈረሙ። ነባሩም ሊግ ከጠላት ጋር እኩል እየከፈለ የራሱን ሰዎች አስፈረመ። ደመወዝ በቀናት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1996 ፍርድ ቤት ለነባሩ ሊግ ፈረደ፤ በኦክቶበር የይግባኝ ችሎት ውሳኔውን ገለበጠው። በ1997 አውስትራሊያ ሁለት ሊጎች ነበሯት፤ በአንዱ 12፣ በሌላው 10 ክለቦች። ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ፤ ገንዘቡም አለቀ። በዲሴምበር 1997 ሁለቱ ወገኖች ታርቀው የዛሬውን ናሽናል ራግቢ ሊግ እኩል በእኩል በሽርክና መሠረቱ።

የዕርቁ ዋጋ ግን ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ስምምነቱ በ2000 ሊጉ ውስጥ 14 ክለቦች ብቻ እንዲቀሩ ይላል። በ1998 የጀመሩት 20 ነበሩ። ስድስት መጥፋት አለባቸው ማለት ነው። ለተመልካች ብዛት፣ ለገቢ፣ ለውጤት ነጥብ የሚሰጥ መስፈርት ወጣ፤ ለሚዋሐዱ ክለቦች ደግሞ ቦታቸው የተረጋገጠ እንዲሆንና ገንዘብም እንዲታከልላቸው ተደረገ። የጎልድ ኮስትና የአደሌድ ክለቦች ተዘጉ። ሴይንት ጆርጅ ከኢላዋራ፣ ባልሜይን ከዌስተርን ሰበርብስ ጋር ተዋሐዱ። የ1908ቱ መሥራች ኖርዝ ሲድኒ ከጎረቤቱና ከባላንጣው ከማንሊ ጋር ተጣበቀ፤ ያ ጋብቻ ሦስት ዓመት ሳይቆይ ፈረሰና ኖርዝ ሲድኒ ከታላቁ ሊግ ጠፋ።

ሳውዝ ሲድኒ አልዋሐድም አለ። ሊቀመንበሩ ጆርጅ ፒጊንስ ለክለቡ የተጫወተ ሰው ነው፤ ስማችንን ሸጠን ከምንኖር ተዋግተን እንሞታለን በሚል አቋሙ ጸና። ኦክቶበር 15 ቀን 1999 ክለቡ መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ ከሊጉ ተሰረዘ።

ውሳኔው ከማን እንደመጣ ልብ ይበሉ። ሊጉን በግማሽ የያዘው የቴሌቪዥን ነጋዴ ነው፤ በሌላው ግማሽ ያለው ነባሩ ማኅበር ደግሞ ዕርቁን ላለማፍረስ እጁ የታሰረ ነበር። ከሁለቱ አንዱም ለሬድፈርን ነዋሪ መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረበትም። ነዋሪው ግን መልስ ጠየቀ። ኖቬምበር 12 ቀን 2000 ቀይና አረንጓዴ የለበሰ ወደ 80,000 የሚገመት ሕዝብ በሲድኒ ጎዳናዎች ወጣ። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳውዝ ሲድኒን ሲጠሉ የኖሩ የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎችም አብረው ወጥተዋል። ነገ በእኔ ነው ብለው። ክለቡ ሊጉን ከስሶ ነበርና፣ በዚያው ወር ፍርድ ቤቱ በክለቡ ላይ ፈረደበት፤ ክለቡ ይግባኝ አለ። ጁላይ 6 ቀን 2001 የይግባኝ ችሎቱ፣ 14 ብቻ የሚለው ስምምነት የንግድ ውድድር ሕጉን ይጥሳል ሲል በድምፅ ብልጫ ለሳውዝ ሲድኒ ፈረደ። ክለቡ በ2002 ወደ ሜዳ ተመለሰ። በ2003 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው። በሕግ ሲታይ ሊጉ አሸነፈ፤ ሳውዝ ሲድኒን እንደገና ለማባረር የደፈረ ግን አልተገኘም። በ2014 ክለቡ 21ኛ ዋንጫውን አነሣ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያወጡት ትምህርት «ሕዝብ ያሸንፋል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልረካም። ኖርዝ ሲድኒም ሕዝብ ነበረው። ኒውታውን የሚባለውም የ1908 መሥራች በ1983 ከሊጉ ሲወጣ የሚያለቅስለት ሰው ነበረው። ሳውዝ ሲድኒን ያዳነው ሰልፉ፣ ጠበቃውና ዕድሉ አንድ ላይ መገጣጠማቸው ነው፤ አንድ ክለብ ለመኖር ይህ ሁሉ ካስፈለገው ሥርዓቱ ታሟል። ደግሞስ 20 ክለቦች በዝተዋል የሚለው ክርክር ባዶ አልነበረም። ጥፋቱ የመቁረጫውን ቢላ የያዘው እጅ ላይ ነው።

ያ እጅ ምን ያህል የተወሳሰበ እንደነበር ሙሉ በሙሉ የታየው በ2010 ነው። የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ደንብ አለ፤ ሀብታሙ ክለብ ምርጡን ተጫዋች ሁሉ እንዳይሰበስብ፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚከፍለውን ጠቅላላ ገንዘብ ይወስናል። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ሜልቦርን ስቶርም ለሊጉ የሚያሳየው አንድ፣ ደብቆ የያዘው ሌላ የውል ወረቀት እንዳለው ተደረሰበት። ሊጉ የ2007ና የ2009 ዋንጫዎቹን ነጠቀው፣ የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት፣ የተቀረውን የውድድር ዘመን ያለ ነጥብ እንዲጫወት ፈረደበት። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ማንም ተዳልቷል ሊል አይችልም። የክለቡ ባለቤት ግን ኒውስ ሊሚትድ ነበር። የሊጉ የግማሽ ባለቤትም ኒውስ ሊሚትድ ነበር። ብሪስቤን ብሮንኮስ ውስጥም ድርሻ ነበረው። ጋዜጦቹም የእሱ ናቸው፤ ጨዋታውን በክፍያ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ድርጅትም ድርሻ አለው። ፍርዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ተከሳሹና ዳኛው አንድ ቤት ይኖራሉ። ሊጉን ነጻ ኮሚሽን ይምራው እያሉ ለዓመታት ሲጮኹ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2012 የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። ኒውስ ድርሻውን ትቶ ወጣ። ስምንት ኮሚሽነሮች ተሾሙ፤ ሊቀመንበሩ ጆን ግራንት የቀድሞ ተጫዋችና ነጋዴ ነው። ከቡድኑ ውስጥ ዌይን ፒርስን የመሰለ የሜዳ ጀግናም፣ ክሪስ ሳራን የመሰለ የትምህርት ሰውም ነበረበት። ሥርዓቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሲጀመር 16 የነበሩት ክለቦችና የኒው ሳውዝ ዌልስና የኩዊንስላንድ ማኅበራት አባላት ናቸው፤ አባላቱ ድምፅ አላቸው። ኮሚሽነር የሚሆነው ሰው ግን የክለብ አመራር መሆን አይችልም። ክለቦች በውሳኔው ጠረጴዛ አይቀመጡም፤ በጠረጴዛው የተቀመጡትን ግን ማንሣት ይችላሉ።

በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ለአምስት ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። ገንዘብ ሲመጣ ሰላም ይመጣል ብሎ ያሰበ ካለ ተሳስቷል። በዲሴምበር 2015 ግራንት ለክለቦቹ በጽሑፍ ቃል ገባ፦ በየዓመቱ ከደመወዝ ጣሪያው 130 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከማዕከል ይሰጣችኋል። ተጫዋቾቹን ከፍሎ 30 በመቶው ለክለቡ ሥራ ይተርፋል ማለት ነው። በኖቬምበር 2016 ኮሚሽኑ ያንን ስምምነት ሰረዘው፤ ምክንያቱም ለታዳጊዎች፣ ለክልል ውድድሮችና ለመጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ነው። የክለብ ሊቀመናብርት ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ግራንትን ለማውረድ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከድምፁ አብዛኛው የክለቦቹ ስለነበር ማውረድ ይችሉም ነበር። ጉባኤው ከመድረሱ በፊት በገንዘቡ ተስማሙና ቀረ። ግራንት ብዙም ሳይቆይ፣ በ2018 መጀመሪያ፣ ቦታውን ለቀድሞው የኩዊንስላንድ መሪ ለፒተር ቢቲ ለቀቀ።

ያን ጊዜ ብዙዎች «ነጻው ኮሚሽን አምስት ዓመት ሳይሞላው ለክለቦች ተንበረከከ» ብለው ጻፉ። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። ክለቦቹ የጠየቁት ቃል የተገባላቸውን ገንዘብ ነው፤ መሣሪያቸውም በመተዳደሪያ ደንቡ የተሰጣቸው ድምፅ ነው። ማንም ሌላ ሊግ አላቋቋመም። በ1995 በአውሮፕላንና በቼክ የተደረገው ጦርነት በ2016 በስብሰባ አጀንዳ አለቀ። ደግሞም ከዚያ ጠብ መሀል ማንም ክለብ የሌላውን ክለብ ቦታ ለመውሰድ አልሞከረም፤ ያ ጉዳይ በእጃቸው አልነበረማ። በ2023 ዶልፊንስ 17ኛ ክለብ ሆኖ የገባው በኮሚሽኑ ውሳኔ ነው። በ2027 በፐርዝ ከተማ የሚጀምረው ክለብ የኖርዝ ሲድኒን የድብ ስም ይዞ እንዲመጣ የተወሰነውም እንዲሁ። በ2028 የፓፑዋ ኒው ጊኒ ክለብ ይከተላል፤ የአውስትራሊያ መንግሥት ለዚህ በአሥር ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። የሴቶች ሊግም በ2018 በአራት ቡድኖች ተጀምሮ በ2025 12 ደርሷል። በክለብ ባለቤቶች ድምፅ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ በዚህ ፍጥነት ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንመለስ። የአውስትራሊያው ጦርነት በተነሣ በቀናት ውስጥ መርዶክ ለእንግሊዙ ሊግም 77 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። ብዙዎቹ ክለቦች ዕዳ አንገታቸው የደረሰ ስለነበር ኤፕሪል 8 ቀን 1995 ዊገን ላይ ተሰብስበው ተቀበሉ። ከመቶ ዓመት ወዲህ በክረምት ሲካሄድ የኖረው ጨዋታ ወደ በጋ ይዛወራል፤ ሱፐር ሊግ የሚባል ከፍተኛ ሊግ ይቋቋማል፤ ለዚያም ጎረቤት ክለቦች ይዋሐዳሉ። ካስልፎርድ፣ ዌክፊልድና ፌዘርስቶን «ካልደር» የሚባል አንድ ክለብ ይሁኑ ተባለ። እነዚህ ሦስት ከተሞች በጥቂት ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ የከሰል ጉድጓዶቻቸው ከተዘጉ ብዙ አልቆዩም ነበር። የቀራቸው የጋራ መጠሪያ ክለባቸው ነበር፤ እሱንም ለጎረቤት አስረክቡ ተባሉ። ደጋፊው ተነሣ፤ በየስታዲየሙ ተቃውሞ ሆነ። በወሩ መጨረሻ ውሕደቱ ቀረ፤ ገንዘቡም ወደ 87 ሚሊዮን ከፍ አለ። አሥራ ሁለት ክለቦች ተመረጡ፤ ከነሱም አንዱ ከዚያ በፊት ያልነበረ የፓሪስ ቡድን ነው። የሁለተኛ ዲቪዚዮን አሸናፊ የሆነው ኪትሊ ኩጋርስ ግን በሜዳ ያገኘው ማደግ ተከለከለ። የፓሪሱ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫውቶ ከሰመ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእንግሊዝ ታሪክ አድካሚ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ሱፐር ሊግ ክለቦቹ የያዙት ኩባንያ ሆነ። (ለኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም አክሲዮን ማኅበር አቋቁመው ውድድሩን ራሳቸው ይመራሉ።) ከ2009 ጀምሮ በፈቃድ መግባት ሆነ፤ ከ2015 ጀምሮ ሊጉ ለሦስት ስምንት ስምንት እየተከፈለ መውጣትና መውረድ ተመለሰ። በ2018 የትልልቆቹ ክለቦች ፍላጎት አሸንፎ የስምንት ስምንቱ አከፋፈል ቀረ፤ ሱፐር ሊግ የራሱን ሥራ አስፈጻሚ ሾሞ ከፌዴሬሽኑ ተነጠለ። የስካይ ቴሌቪዥን ውል በዓመት ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 25 ሚሊዮን ገደማ ሲወርድ እንደገና ተጣመሩ። በ2022 አይኤምጂ ከሚባለው የስፖርት ንግድ ድርጅት ጋር የ12 ዓመት ውል ገቡ። በእያንዳንዱ መገለባበጥ ውስጥ ድምፅ የሰጡት ውሳኔው የሚነካቸው ክለቦች ራሳቸው ናቸው።

ቆም ልል የምፈልገው ሁለት ክለቦች ላይ ነው። አንደኛው ቶሮንቶ ዎልፍፓክ ነው። የካናዳው ክለብ በ2017 ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ጀምሮ በሜዳ እያሸነፈ በ2020 ሱፐር ሊግ ገባ። የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ባለሀብቱ መክፈል አቆመ፤ በጁላይ ክለቡ ከውድድሩ ወጣ። ተጫዋቾች ያለ ደመወዝ ቀሩ፤ ይህን ማቃለል አይቻልም። በኖቬምበር አዲስ ባለቤት ይዞ ልመለስ ሲል ጥያቄው የቀረበው በዋናነት ለሌሎቹ ክለቦች ነው፤ 8 ለ 4 በሆነ ድምፅ ተዘጋበት። ምናልባት መልሱ ትክክል ይሆናል። ግን በመጪው ዓመት ከዚያ ክለብ ጋር ለአንድ ዋንጫ፣ ለአንድ ተጫዋች፣ ለአንድ ቦታ የሚሻሙ ሰዎች የሰጡትን መልስ ካናዳ ያለ ደጋፊ ፍርድ ነው ብሎ እንዲቀበል መጠበቅ አይቻልም። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ቶሮንቶ የሚናገርለት ዳኛ አልነበረውም።

ሁለተኛው ለንደን ብሮንኮስ ነው፤ የሱ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አይኤምጂ ያመጣው ዘዴ እያንዳንዱን ክለብ ከ20 ነጥብ ይመዝናል፦ አምስት ለደጋፊና ለተመልካች ስፋት፣ አምስት ለሜዳ ውጤት፣ 4.5 ለገንዘብ አቅም፣ ሦስት ለስታዲየም፣ የቀረው ለአካባቢው ሕዝብ። ከ15 በላይ ያገኘ ክለብ ቦታው አይነካም። በኦክቶበር 2023 ለንደን ቱሉዝ ድረስ ሄዶ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ፍፃሜ አሸነፈና ወደ ሱፐር ሊግ አደገ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የሙከራ ምዘና ሲወጣ 24ኛ ላይ ተቀመጠ። የ2024 ውድድር ሳይጀመር፣ ምንም ያህል ቢያሸንፍ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚወርድ ተጫዋቹም ደጋፊውም አውቆታል። ወረደም፤ በምትኩ ዌክፊልድ ገባ። እዚህ ላይ የጎረቤት ክለብ ድምፅ አልነበረም፤ ቁጥር ነው የፈረደው። ቁጥሩም የራሱ ሎጂክ አለው፤ ስታዲየምና ደጋፊ የሌለው ክለብ ሊጉን ያዳክማል። ነገር ግን የጨዋታው ትልቁ ጥያቄ ማን ያሸንፋል የሚለው ሆኖ ሳለ፣ ሜዳው ከአራት አንድ እጅ ብቻ ሲቆጠር ተመልካች የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ይምታታበታል። ለንደን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የክለብ ባለቤቶች ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ ሊናቅ የማይገባው መልስ ነው። «በየዓመቱ ኪሳራውን ከኪሳችን የምንሸፍነው እኛ ነን፤ የሚከፍል ሰው ይወስን» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ከእንግሊዝ ክለቦች ብዙዎቹ በአንድ ባለጸጋ ደግነት የቆሙ ናቸው። ነገር ግን የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም። ዝናብ እየዘነበበት ልጁን ይዞ በየሳምንቱ የሚመጣው ሰው ይከፍላል። በየሰፈሩ ያለ ደመወዝ ታዳጊ የሚያሠለጥነው ሰው ይከፍላል፤ ያ ታዳጊ ነገ የክለቡ ኮከብ ነው። እነዚህ ሰዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ድምፅ የላቸውም፤ የበላይ አካል የሚያስፈልገው ለነሱ ነው። ክለቦች ቢሰጣቸው የሚገባ ሥልጣን አለ፦ አመራሩን መሾምና መሻር፣ የሒሳብ መዝገቡን መመርመር፣ የገንዘብ ክፍፍሉን ውል ለብዙ ዓመት አስቀድሞ ማሰር። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ግን ፈጽሞ በእጃቸው መሆን የለበትም፤ በቴሌቪዥን ነጋዴም እጅ እንዲሁ። አውስትራሊያውያን ይህን የተማሩት ክለቦችን ቀብረውና ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራትተው ነው።

እንግሊዝ ገና ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ክለቦች ተነሥተው የፌዴሬሽኑን ሊቀመንበር አስወረዱ፤ በጁላይ ደግሞ ሱፐር ሊግ በ2026 ከ12 ወደ 14 ክለቦች እንዲሰፋ በድምፃቸው ወሰኑ። አሥራ አራት ጥሩ ቁጥር ነው፤ ለብዙ ከተሞች በር ይከፍታል። የሊጉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ግን አልጨመረም፤ ቁጥሩን የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ያው እጅ ነው፤ ስለዚህ 14 ብዙ ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም።